ዝናብ ያስገባው አይቆጠርም

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡታጅራ

ምርጫው ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም። መናኸሪያው አጥር ላይ የተለጠፉት የተወዳዳሪዎች ፎቶዎች ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውባቸው ግማሹ ተቀዷል። አንዲት ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ከአንዱ ፎቶ ላይ ወረቀቱን ትቦጭቃለች፤ የዱቄት ሙጫው ጣፍጧት መሆን አለበት። ረዳቱ "አዲሳባ! አዲሳባ! የሞላ!" እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ግማሹም አልሞላም። ሠላሳ አምስት ብሬን ከፍዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ላይ ለወንድሜ የያዝኩለት፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አለ።

የምሄደው ሌላ ምርጫ ለማየት ነው። ታላቅ ወንድሜ በድሩ መርካቶ ውስጥ፣ ጭድ ተራ አካባቢ፣ ዕቃ በመሸከም ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። እሱና አሥራ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ የሰፈሩ እድር አባል ለመሆን አመልክተዋል፤ ነገ እሑድ አባላቱ ድምፅ ይሰጡበታል። የእድሩን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት በየለቅሶ ቤቱ ተሸክመው የሚያደርሱት፣ የሚተክሉትና የሚነቅሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከድንኳኑ ሥር ግን አንድ ቀን ተቀምጠው አያውቁም። አምና ከመካከላቸው ሙዴ የሚባለው ሲሞት፣ አባል ስላልነበረ ድንኳኑ አልወጣለትም። ድንኳኑ የሚቀመጥበት መጋዘን ቁልፍ በበድሩ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አልከፈተውም። ገንዘብ አዋጥተው በአይሱዙ ጭነው ወደ አገሩ ወሰዱት። ይህን ሲነግረኝ አለቀስኩ፤ እሱ ግን አላለቀሰም።

የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ ከምርጫው በፊት ሊያልቅ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ሰፈሩን ሲዞር የእድሩን ዳኛ "እነዚህን ወገኖቻችንን አስገቧቸው እንጂ" አላቸው፤ ዳኛውም እሺ አሉ። እምቢ ያለው በድሩ ነው! "ምርጫው ካለፈ በኋላ ይሁን" ብሎ ራሱ ቀጠሮውን አስተላለፈ። በስልክ ጮኽኩበት።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በር ሲከፈትልህ አትገባም?"

"ነስሩ፣ አሁን ስለፈለጉኝ ነው የሚያስገቡኝ። የፈለገኝ ሰው ጉዳዩን ሲጨርስ ይተወኛል።"

ገገማ ነው። ልጅ ሆኖም ገገማ ነበር።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። አስተማሪነቴ እንዳለ ሆኖ እኔም የሰፈሬ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከሌላ አካባቢ መጥተው ብሎኬት የሚያመርቱ ሰባት አባወራዎች ከወራት በፊት የአባልነት ማመልከቻ ሰጥተውኛል። "መጤ ሰብስበው ድምፅ ሊለቅሙ ነው" እንዳይባል ፈርቼ "ምርጫው ይለፍና እናየዋለን" ብያቸው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

በመንገድ ላይ

ከቡኢ ተሳፍራ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በርበሬ ነጋዴ ናት። አንዱ ጆንያዋ መኪናው ጣሪያ ላይ ቦታ አጥቶ እግራችን ሥር ገባ፤ ጢያን እስክናልፍ ድረስ መኪናው ውስጥ ያላስነጠሰ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ሳይቀር መሪውን እንደያዘ "ሃጢሽ!" ሲል ሁላችንም "ይማርህ!" አልን፤ ከልባችን ነው፣ ነፍሳችን በእጁ ናት። መልካ ቁንጥሬ ላይ መኪናው ቆመ። አዋሽ ደፍርሶ ሞልቷል። የተጠበሰ በቆሎ በሁለት ብር ገዝቼ ለሴትዮዋ ግማሹን ሰጠኋት።

"መርካቶ የት ነው የሚሸጡት?" አልኳት።

"አንዋር መስጊድ ጀርባ። አንድ ደንብ አስከባሪ ልጅ አለ። ከምርጫው በፊት 'እናታችን፣ ደህና አደሩ' ነበር የሚለኝ። ማክሰኞ ዕለት ያው ልጅ 'አንቺ ሴትዮ፣ ጆንያሽን አንሺ' አለኝ። እናትነቴ በሁለት ቀን አለቀ።"

ሳቀች። እኔ ግን የነገው ድምፅ ትዝ አለኝ። አለም ገናን፣ አየር ጤናን፣ ጦር ኃይሎችን አልፈን በአብነት በኩል አውቶቡስ ተራ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርካቶ

በምርጫ ሰሞን መርካቶ ስመጣ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ደብተር የመያዝ ልማድ ስላለኝ የድሮዎቹንም ጽፌአቸዋለሁ። በመጀመሪያው አንድ ተወዳዳሪ በድሩን መንገድ ላይ አቅፎት "የዚህች ከተማ ጀርባ አጥንት እናንተ ናችሁ" ሲለው አይቻለሁ። በድሩ ያን ጊዜ አንድ ኩንታል ስኳር ተሸክሞ ነበር፤ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ ጀርባ አጥንቱ ሊቀነጠስ ደረሰ። በሁለተኛው የመጣሁት ከምርጫው በኋላ ነው። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር "እነዚህ ከገጠር የሚጎርፉት ናቸው"፣ የቤት ኪራይ ሲወደድ "እነሱ ናቸው" ይባል ነበር። ተሸካሚዎቹ መንገድ አጣበባችሁ ተብለው ተበተኑ። በሳምንቱ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ቆሙና ያው ነጋዴ ሁሉ "ኧረ እነዚያ ልጆች የት ገቡ?" እያለ በየጉራንጉሩ ፈለጋቸው።

በድሩን ያገኘሁት የሸራና የጆንያ መደብሮች ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሸብቷል። ቆጮውን ሲያይ ፈገግ አለ፤ አይብ በጎመን ከአንዲት የጉልት ቸርቻሪ ገዝተን ለጓደኞቹም አካፍለን በላን። ቀጥሎ ሻይ ቤት ገባን።

"ወንድም ጋሼ፣ ሰዉ ምን ይላል?"

"ከምርጫው በፊት ሰላምታው በዝቶብኝ አንገቴን ሲያመኝ ነበር" አለ፤ "አሁን ተሽሎኛል።"

"ብትሸነፍስ?"

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ብሸነፍ እውነቱን አውቄ እኖራለሁ። ባሸንፍ ግን፣ ነስሩ፣ ማንም መልሶ አይወስድብኝም። ሙዴን ያለ ድንኳን ሸኝቼዋለሁ። እኔም ሆንኩ እነዚህ ልጆች እንደሱ እንዳንሸኝ ነው የምፈልገው። ሌላ የምፈልገው የለኝም።"

የሁለቱንም ሻይ ከፈልኩና ወጣን።

እሑድ፣ የእድሩ ግቢ

ድንኳኑን የተከሉት እነበድሩ ናቸው። በገዛ ጉዳያቸው ላይ የሚሰበሰብበትን ድንኳን ተክለው፣ ወንበሩን ደርድረው ሲያበቁ ወጥተው ግድግዳ ሥር ተሰለፉ። እኔም እንግዳ ነኝና አብሬአቸው ቆምኩ። ሰማዩ ጠቁሯል።

ዳኛው ጋሽ ሸረፋ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉዳዩን በአጭሩ ተናገሩ። ቀጥሎ የተነሱት ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ የጆንያ ጅምላ ነጋዴ፣ የእድሩ መሥራች፣ በመዝገቡ ላይ ስማቸው በቁጥር አንድ የተጻፈ።

"ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ አልጠላኋቸውም" አሉ። "እድር ግን የሰፈር ነው። ዛሬ እዚህ ናቸው፣ ነገ አዝመራ ሲደርስ አገራቸው ይገባሉ። ባለፈው ያ ተወዳዳሪ ሲለምነን ይሉኝታ ይዞን ነበር። እሱ ራሱ ከዚያ ወዲህ አልታየም! ታዲያ ዛሬ ማን አስገደደን?"

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። በድሩን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እንግዲህ ያንተ ብልህነት ይኸው፣ አልኩ በልቤ።

ከሴቶቹ ወገን እትዬ ወርቅነሽ ተነሱ፤ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። "ደግፌ፣ አንተስ የመጣኸው ከየት ነው?"

"እኔ ከመጣሁ አርባ ዓመት አለፈኝ!"

"እሱስ ሃያ ሞላው። መጤነት የሚለቀው ስንት ሲሞላ ነው? ቁርጡን ንገረንና እንጠብቅ።"

ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። ጋሽ ሸረፋ አስቆሙትና የድምፁን አሰጣጥ ተናገሩ። ባለፈው ስብሰባ ሁለት እጁን ያወጣ ሰው ስለነበረ ዛሬ በእጅ አይሆንም። የተስማማ ድንኳኑ ውስጥ ይቆይ፣ ያልተስማማ ወደ ግቢው ይውጣ። ጋሽ ደግፌ ቀድመው ወጡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። መውጣቱ እየበዛ ሄደ፤ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እያመነታ ሳለ ሰማዩ ተቀደደ።

እንዲያ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። በረዶ ቀላቅሎ ነው የመጣው። የወጣው ሁሉ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጥሎ እየተጋፋ ድንኳኑ ውስጥ ተመልሶ ገባ፤ ጋሽ ደግፌም ጭምር። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ከፍ አድርጎ "ተቆጠረ! በሙሉ ድምፅ አልፏል!" ብሎ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም እየሳቅኩ ወደ ድንኳኑ ስሮጥ በድሩ ክንዴን ጨመቀኝ።

"የት ነው? ድምፅ ታበላሻለህ።"

ከዚያም እጁን አፉ ላይ ቀለበት አድርጎ ተጣራ። "ዳኛ! ይሄ አይቆጠርም! ዝናብ ያስገባው ሰው ሲያባራ ይወጣል! ሲያባራ ቁጠሩ!"

ይህን ሰው እንዴት ነው ዝም የሚያሰኙት? አፉን በእጄ ልይዝለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ጋሽ ሸረፋ ግን "ሲያባራ እንቆጥራለን" አሉ።

አሥራ አራታችን ግድግዳ ሥር ቆመን በዝናቡ ተደበደብን። ግቢው ውስጥ ሌላ መጠለያ የለም፤ ከእኛ አንዱም ወደ ድንኳኑ በር አልሄደም። በውስጥ ያሉት እያዩን ሳቃቸው ቀስ በቀስ አለቀ። እትዬ ወርቅነሽ "ኧረ ግቡ ልጆች፣ የሰው ያለህ!" ሲሉ በድሩ "ቆይ እትዬ፣ ትንሽ ነው" አላቸው፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ይህን ጊዜ የድንኳኑ ጣሪያ ውሃ አቁሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ወረደ።

"በድሩ! ሸራው ሊቀደድ ነው! ና ግፋው!" ብለው ጋሽ ደግፌ ጮኹ።

"መግባት አልችልም ጋሼ! እርስዎ እንጨቱን ይያዙ! ከመሃል አይግፉ፣ ከጠርዙ ጀምረው ወደ ውጭ!"

ጋሽ ደግፌ እንጨቱን አነሱ። ሁለት ነጋዴዎች አገዟቸው። በድሩ ባላቸው መንገድ ገፉት፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ ተንዶ የወረደው በበድሩና በእኔ ራስ ላይ ነው። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ ጋሽ ደግፌ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አባራ። ጋሽ ደግፌ ተነሱና ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ጭቃው ወጡ። አንድ ሰው ተከተላቸው፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ አንድ ቡድን። ጸሐፊው ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ። ውጭ አሥራ ሰባት። ውስጥ ሰባ አንድ። ከዝናቡ በፊት ወጥተው የነበሩት አብዛኞቹ ከወንበራቸው አልተነሱም!

እትዬ ወርቅነሽ እልል አሉ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተሸካሚዎቹ ተቃቀፉ፣ እኔም የማላውቀውን ሰው አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። በድሩ ግን ድንኳኑ ውስጥ ገባና አንዱን አግዳሚ ወንበር በመዳፉ ዳበሰ። ሃያ ዓመት ተሸክሞት ተቀምጦበት አያውቅም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከኪሱ የመጋዘኑን ቁልፍ አወጣና "ሙዴ" አለ፤ ያን ጊዜ እንባው ወረደ።

ጋሽ ደግፌ መጡ። "ሐሳቤን አልቀየርኩም" አሉ ጮክ ብለው። "ግን ተሸንፌአለሁ፤ ደንብ ደንብ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። አባል ለእድር ሥራ አይከፈለውም። ታዲያ ድንኳኑን ከዛሬ ጀምሮ ማን ይሸከማል?"

"አባላት በተራ" አሉ ጋሽ ሸረፋ።

"የዛሬው ተራ የማን ነው?"

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና ጉሮሮውን ጠረገ። "በመዝገቡ ቅደም ተከተል ከሆነ... ቁጥር አንድ፣ ጋሽ ደግፌ።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው አጣጠፉና ማንም ሳይነግራቸው ቀኝ ትከሻቸው ላይ፣ አንገታቸው ሥር አስቀመጡት። ሸክም የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። በድሩም አይቷል። የረጠበውን ሸራ በአንድ ወገን አነሳ፣ ጋሽ ደግፌ በሌላው ወገን ገቡ፤ ሁለቱ እኩል እየረገጡ ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ስመለስ በመንገዱ ላይ ያየሁትን ብጠየቅ አላውቀውም። ልብሴ ገና እርጥብ ነው፣ ልቤ ግን ይዘላል። ጢያ ላይ ሻይ አልጠጣሁም፣ ለማንም አላወራሁም። የማስበው መሳቢያዬን ነበር። እነዚያ ተወዳዳሪዎች ሰውን ለምርጫ ሲሉ አቀረቡ፤ እኔ ለምርጫ ስል አራቅኩ። ልዩነታችን ይኸው ነው፤ ብዙ የሚያኮራ አይደለም።

ቤት እንደገባሁ ሳልቀመጥ ማመልከቻውን አወጣሁና ወደ ብሎኬት ማምረቻው ሄድኩ። ከአመልካቾቹ አንዱ፣ ሲሚንቶ እጁን ያነጣው ሰው፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን ያይ ጀመር።

"መምህር" አለኝ በጥርጣሬ፣ "ምርጫው እኮ አልፏል። አሁን ምን ፈልገው መጡ?"

"ስላለፈ ነው የመጣሁት" አልኩት። "እሑድ ስብሰባ አለን።"