ቀይ ቆዳ የለበሰው ልብ ወለድ

ሰቆጣ ውስጥ ኳስ የማያይ ጎረምሳ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ራግቢ የሚያይ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወንዳወቅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የካሳ ዲኤስቲቪ ቤት ጢም ብሎ ይሞላል። የእንግሊዞቹ ጨዋታ ሲያልቅ ሰዉ እየተሟገተ፣ አግዳሚውን እያንጓጓ ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዳወቅ ከኋላ ተነሥቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ካሳም ሪሞቱን እያቀበለ፣

«በል ቅልህን ክፈት» ይለዋል።

ቅል የሚለው የራግቢውን ኳስ ነው። ኳሱ ሞላላ መሆኑ ለሰዉ መሣቂያ ከሆነ ቆይቷል፤ ለወንዳወቅም «ባለቅሉ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የክረምት ቅዳሜ ነበር። የእግር ኳሱ ጣቢያ እምቢ ብሎ ከሁሉም የሚታየው ራግቢ ብቻ ሆነ። ሰዉ ካሳን ረግሞ ተበተነ፤ ወንዳወቅ ጃንጥላ ስላልያዘ ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ ተቀመጠ። ዝናቡ አባራ፤ እሱ ግን አልተነሣም።

«ወንዴ፣ ዛሬስ ስንቱ ተቀበረ?» ይላል ካሳ አንዳንዴ፣ የለስላሳ ጠርሙስ እየሰበሰበ።

«ሁሉም ተነሥተዋል።»

«ገላጋይ የሌለበት ጠብ ምን ደስ ይላል?»

«ዳኛ አለ እኮ። ያውልህ፣ መሐላቸው ቆሞ።»

«ታዲያ አይገላግልም?»

«በሥርዓቱ እየተጋጠሙ ምን ብሎ ይገላግላል?»

ወንዳወቅን የያዘው የተጫዋቾቹ ጉልበት አይደለም። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ሰው፣ ትከሻው ላይ የማይደርስ ዳኛ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲሰማ ማየቱ ነው። የሚናገረው አምበሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ዝም ይላል። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የማይለይ ቋንቋ ቢሆንም፣ ወንዳወቅ በሐሳቡ ሲተረጉመው ሁልጊዜ በእርስዎ ነው፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህኛው ጥፋት የማን ነበር?»

ደግሞ ይህ እንጀራቸው መሆኑ ያስገርመዋል። ሰው ሰው ላይ መውደቅን ሥራ አድርጎ፣ ውል ፈርሞ፣ ደመወዝ ይበላበታል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው አንጋፋ ይባላል፤ ጋዜጠኞቹ ስለ ጡረታው ይጠይቁታል። ወንዳወቅም ሠላሳ ሦስት ሞልቶታል፤ የሰብል ባለሙያ ሆኖ በሚሠራበት የግብርና ቢሮ ግን ገና «ልጁ» ነው የሚባለው። ሁሉን ነገራቸውንም አይወድም። ራሱን የተመታ ተጫዋች ለምርመራ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስና ሜዳው ሲያጨበጭብ፣ ወንዳወቅ አያጨበጭብም። «የዚህን ሰው ሚስት ቢጠይቋት ምን ትል ነበር?» ይላል ለራሱ።

ሌላው ሱሱ መጽሐፍ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጸሐዩ የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ዝውውር ሲደርሰው አንድ ካርቶን ልብ ወለድ ትቶለት ሄደ። ሁሉም የሌለ አገር ታሪክ ነው፦ ንጉሥ፣ አስማተኛ፣ ሰይፍ፣ ዘንዶ። ወንዳወቅ ማንበቡን ወደደው፤ የሙያው ነገር ግን አልለቀው አለ። ደራሲው ስልሳ ሺህ ሠራዊት በደረቅ ተራራ ላይ ሲያሰልፍ፣ እሱ ንባቡን አቁሞ «ምን እየበሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ካርታ ተራራውንና ቤተ መንግሥቱን ያሳያል፤ ማሳ የሚባል ነገር አይታይበትም። የተሰደደው አልጋ ወራሽ ተመልሶ ዙፋኑን ሲይዝ ሕዝቡ በደስታ ያለቅሳል፤ ግብር ስንት እንደሚሆን የሚጠይቅ አንድ ገበሬ አይገኝም። ያም ሆኖ ሦስት ጊዜ ደግሞ ያነበበው አለ።

ይኸው ሦስት ጊዜ የተነበበው፣ እንደ ጡብ የወፈረው መጽሐፍ በመጨረሻ ወገቡ ተሰብሮ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎቹ ያላቸው ፕላስተርና ስቴፕለር ነው፤ ለዚህ ውፍረት አይሆንም። በከተማው መጽሐፍ ጠራዥ ተብሎ የሚታወቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መሪጌታ ኪዳኑ፣ የዳዊትና የድርሳን ደጓሹ። ወንዳወቅ ይዞላቸው ሄደ።

«ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ መጽሐፉን በእጃቸው እየመዘኑ።

«ታሪክ ነው መሪጌታ። የነገሥታት ታሪክ።»

«የየት አገር?»

ወንዳወቅ ትንሽ አሰበ። «የሩቅ አገር።»

«የነገሥታት ከሆነማ እንዲህ ራቁቱን አይሄድም። ተወው፣ አለብሰዋለሁ።»

እሱ የጠበቀው ስፌት ብቻ ነበር። ሊወስድ ሲመለስ የዋንዛ ገበታ ገብቶለት፣ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ ፊትና ጀርባው ላይ መስቀል ታትሞበት፣ ማንገቻ ባለው ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀው። መሪጌታ እንደሚያውቁት ነው የሠሩት፤ ሌላ ዓይነት አሠራር አያውቁም።

«መሪጌታ፣ መስቀሉ እንኳ…»

«ምን ሆነ? ጠመመ?»

«ኧረ አልጠመመም።»

«ታዲያ!»

በዚህ አለቀ። አመስግኖ አንገቱ ላይ አንግቶ ወጣ። ለነገሩ መጽሐፉ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ችግሩ የጀመረው ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ አባቱ አገር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከማኅደሩ አውጥቶ ሊያነብ ሲል አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ጎንበስ ብለው መጽሐፉን ሳሙት። ወንዳወቅ አፉን ከፈተ፤ አሮጊቷ ግን ግንባራቸውን አስነክተው ጨርሰው፣ «አባትህ የታደሉ ናቸው» ብለውት ነበር። ሾፌሩም ዘፈኑን ቀነሰ። እንግዲህ በሞላ መኪና መሐል ምን ይባላል? መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና በመስኮቱ ገደሉን ሲያይ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ እግር አወጣ። ባጃጅ ነጂዎች ቀድመው ሰላም ይሉት ጀመር። «ባለቅሉ» የሚሉት ቀስ በቀስ «ባለዳዊቱ» አሉት። ስሙን ለማረም ሁለት ሦስት ጊዜ አሰበ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስሙ ከቅሉ ይሻል ነበር።

በዚህ መሐል ነው የመስከረም ነገር የመጣው። መስከረም መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀልድ የማያመልጣት ልጅ ናት፤ ከወንዳወቅ ጋር ከተዋወቁ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። አባቷ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። የወንዳወቅ አጎት አያ ምንዋጋው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አንድ ጊዜ ሄደው ነበር፤ ቄሱ እንደ ወጉ «ዘመድ እንቁጠር፣ ስለ ልጁም እንጠይቅ» ብለው መለሷቸው። ዘመድ ተቆጠረ፤ ነጻ ወጣ። ስለ ልጁም ተጠየቀ። አንድ ቀን አያ ምንዋጋው እየሳቁ ወደ ቢሮው መጡ።

«አንተ! ዳዊት ደጋሚ ሆነህ ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«አያ፣ እሱ እኮ…»

«ዝም በል! ደግ ሥራ በስውር ነው፣ ገብቶኛል። ቄሱ ልባቸው ሞልቷል። ‘ዛሬ ዳዊት የሚይዝ የቢሮ ሠራተኛ ከየት ይገኛል’ ብለዋል አሉ።»

ወንዳወቅ አጎቱን እስከ በር ሸኛቸው እንጂ አላረማቸውም። መስከረም ግን መጽሐፉን ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ የሣቀችውም እሷ ነበረች። አሁን አልሣቀችም።

«አባቴ መዝሙሩን በቃሉ ነው የሚያውቀው። አንድ ጠዋት ‘በል አብረን እንድገም’ ቢልህ ምን ልትል ነው?»

«ከዚያ በፊት እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ፍጻሜው ይለፍ።»

«የምኑ ፍጻሜ?»

«የራግቢው።»

መስከረም የተሳሳተ ወረቀት ይዞ መድኃኒት የሚጠይቅ በሽተኛ እንደምታይ አየችው።

የፍጻሜው ቅዳሜ ደረሰ። ወንዳወቅ ዓመቱን ሙሉ የተከተላቸው ሰማያዊ ለባሾቹ እየመሩ አልነበረም፤ ቢሆንም መስመሩ አጠገብ ደርሰው ተደራርበው እየገፉ ነበር። ካሳም ሳይቀር ጠርሙሱን ትቶ ቆሟል። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ መስከረም ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

«አያ ምንዋጋው እኛ ቤት ናቸው። ዳዊትህን ከአከራይህ ተቀብለው ይዘውት መጥተዋል።»

«ምን?»

«አባቴ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ቃሉን በእሱ ላይ እንሰር እያሉ ነው። ሊምሉበት ነው፣ ሰማህ?»

ሰማ። አንድ ቄስ እጃቸውን አስማተኛና ዘንዶ በሞላበት መጽሐፍ ላይ አሳርፈው፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርተው ልጃቸውን ሊሰጡ ነው። ዝም ቢል መስከረም ዛሬውኑ የእሱ ናት። ወንዳወቅ ከዚያ አግዳሚ ላይ ጨዋታ ሳያልቅ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

«ኧረ ወንዴ! ገቡ እኮ፣ ሊያገቡ ነው!» አለ ካሳ ከኋላው። እሱ ባጃጅ እየጠራ ነበር።

ቄሱ ቤት ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አጎንብሶ ገባ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በመደቡ ላይ ናቸው፤ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ማኅደሩን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አሉ አያ ምንዋጋው። «ሙሽራ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አባታችን» አለ ወንዳወቅ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እጅዎን አያሳርፉበት። ዳዊት አይደለም።»

ቄሱ ቀስ ብለው መጽሐፉን አወጡ። መስቀሉን አዩት፤ ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ካርታው ነው። በጣታቸው ተከተሉት።

«ይኼ ባሕር ነው?»

«አዎ፣ አባታችን።»

«አገሩ የት ነው?»

«የለም። ደራሲው የፈጠረው ነው።»

«እና ታሪኩ ምን ይላል?»

«ነገሥታት አሉ። ጦርነት አለ። ዘንዶም አለ።»

«ዘንዶውን ማን ይገድለዋል?»

አያ ምንዋጋው ዓይናቸውን አፍጥጠውበታል፤ በፈረስ የመጣ ጀግና በጦር ወጋው ቢል ነገሩ ሊለዝብ እንደሚችል ዓይናቸው ይነግረዋል። ወንዳወቅም ገብቶታል።

«አይገደልም፣ አባታችን። ይጋልቡታል።»

አያ ምንዋጋው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከጓዳ የቄሱ ባለቤት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ «ምነው፣ ልጁ ጅል ነው እንዴ?» ሲሉ ተሰማ። ቄሱም በዚያው ቋንቋ «ጅልማ አይደለም፤ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ያልቅለት ነበር» ብለው መለሱ። ወንዳወቅ የጋዝጊብላ ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ሰማ፤ ያልሰማ መስሎ ቆመ።

«ማን ነው የደጎሰው?»

«መሪጌታ ኪዳኑ ናቸው። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም፤ የነገሥታት ታሪክ ነው አልኳቸው። ሰውም ሲስመው ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ቢላዋ አስመጡ። አንድ ቅጠል ሳይቀድዱ ክሩን እየበጠሱ ገበታውንና ቆዳውን ከመጽሐፉ ለዩት። ቆዳውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ከጎናቸው አኖሩት፤ የተራቆተውን መጽሐፍ ለወንዳወቅ ሰጡት።

«መስቀሉ እዚህ ይቀራል። አንተ የራስህን ውሰድ።»

«ስለ ልጅቷስ?» አሉ አያ ምንዋጋው ከጋቢያቸው ሥር።

«እኔ እሺ ያልኩት ዳዊት ለሚደግም ልጅ ነበር። እሱ ልጅ የለም። ይኼኛውን ደግሞ አላውቀውም፤ እንደገና እጠይቃለሁ።»

«አባታችን፣ ስንት ጊዜ እንመላለስ?»

«እናንተ ተቀመጡ። አሁን የምሄደው እኔ ነኝ።»

እንዳሉትም በገበያ ቀን በቅሏቸውን ጭነው ጋዝጊብላ ሄዱ። እህል ከሚሸጠውም በግ ከሚጎትተውም ጋር ቆመው ጠየቁ። ስለ ዳዊት አንድም ቃል አላነሡም አሉ፤ የጠየቁት «ልጁ ይዋሻል ወይ?» ብለው ነው። የወንዳወቅ አባት ጎረቤት የሆነ አንድ ገበሬ ብዙ አሰበና፣ «ይሞክራል አባ፤ ግን አይሆንለትም፤ መሐል ላይ ይተወዋል» አላቸው። ቄሱ በመንገድ ሁሉ ሲስቁ ተመለሱ።

ለአያ ምንዋጋው መልእክት የመጣው በሳምንቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ልጁ ግን ቤቱ ይቀመጥ።