ፍሬኑ አዋሳ ቀረ

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ በአንድ የመንገድ ጥገና መሥሪያ ቤት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴም እዚያው የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከየካምፑ የሚመጣውን ወሬ እቀበላለሁ፤ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የት ጎርፍ እንደቆረጠ። እሱ ደግሞ መንገድ ይደለድላል።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ልማድ ነበረው። መሣሪያ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንዲላክ ሲታዘዝ፣ መጀመሪያ ጋራዥ ይገባና ደህና ደህናው ዕቃ ይወልቅለታል፤ በምትኩ ያለቀ ይገጠምለታል። “ማራገፍ” ይሉታል። ስርቆት ነው የሚል ሰው አልነበረም። የሄደ መሣሪያ አይመለስም፤ ሌሎቹም ለእኛ የሚልኩልን አራግፈው ነው። የሚነዳውም የዚያው አገር ሰው ስለሆነ ፊቱን አናየውም።

አንድ ክረምት ከበላይ ትእዛዝ መጣ። በሰሜን በኩል ራቅ ባለ ተራራማ አውራጃ መንገድ ተዘግቶ እህል የጫኑ መኪኖች ቆመዋል፤ ግሬደር በአስቸኳይ ይላክ የሚል ነው። ያሉን ሁለት ነበሩ። የአብዮት በዓል ስለሚመጣ አንዱ የከተማውን መንገድ እንዲያስተካክል ይቅር፣ ሌላው ይሂድ ተባለ። የሚሄደው ገና አዲስ የፍሬን ሸራ የገባለት ነበር። ባለቤቴና የጋራዡ ኃላፊ ሸራውን ነቅለው በሚቀረው ላይ ገጠሙት፤ ያለቀውን ለሚሄደው አደረጉለት። ቤት ሲገባ እጁን በላምባ እያሸ፣

“ዛሬ ሙሽራዋን ጌጧን አውልቀን ለሽኝት አዘጋጀናት” አለኝ።

በማግስቱ ሌላ ትእዛዝ ደረሰ። እዚያ ኦፕሬተር ስለሌለ ግሬደሩ ከነነጂው ይምጣ ይላል። አለቃችን ጊዜ አላጠፋም። “አንተ ሂድ፤ አገርህ ነው፣ ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ” አለው።

የሬዲዮ ክፍሌ መስኮት ወደ ጋራዡ ነበር የሚያየው። ባለቤቴ ኃላፊውን ሲለምን እሰማ ነበር።

“ጋሼ፣ ሸራዬን መልሱልኝ።”

“በዓሉ ደርሶ? ደግሞስ አንተው አይደለህ እንዴ የነቀልከው?”

“ለሌላ ሰው መስሎኝ ነዋ!”

መካኒኮቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

“አይዞህ፣ ከኋላህ አዲስ እንልክልሃለን። እስከዚያ በማርሽ ያዘው” አሉት።

ሄደ። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በሬዲዮ ብቻ ሆነ። በሬዲዮ የቤት ወሬ ክልክል ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬም አጠገቤ ተቀምጦ ያዳምጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነን ሳለ ጓድና ጓድ ተባባልን።

“ጓድ፣ አዋሳ ይዘንባል ወይ? ተቀበዪ።”

“ይዘንባል፣ ጓድ። ተቀበል።”

“ሸራው ወጥቷል? ተቀበዪ።”

ለአለቃው እነግራለሁ። “በመንገድ ላይ ነው በይው” ይለኛል። እንዲህ ስንል ሐምሌ አለቀ። ነዳጅ የጫነ ወጥቷል፣ ስሚንቶ የጫነ ወጥቷል፤ ወደ ሰሜን የሄደ ዕቃ ግን አልነበረም። የግቢው በር ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። አንድ ጠዋት፣

“ከዚህ የወጣ ነገር የለም። ተቀበል” አልኩት።

“ገባኝ። በምላጩ እያቆምኩት ነው” አለ። የመደልደያውን ምላጭ አውርዶ መሬት እያስነከሰ ማለቱ ነው። “አፈር ይይዝልኛል። ድንጋይ ላይ ስደርስ ነው ጭንቁ። ተቀበዪ።”

ካድሬው “የሥራ ሞራል እያዳከምሽ ነው” ብሎ ገሠጸኝ።

አልነዳም ማለት አይችልም ነበር። ያን ጊዜ ሥራ እንቢ ማለት አሻጥር ነው። ምክንያቱን ልናገር ቢልም ሸራውን የነቀለው የራሱ እጅ ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ እሱ በሬዲዮ በሚጠራኝ ሰዓት፣ የማላውቀው ድምፅ ጠራኝ።

“ግሬደሩ ቁልቁለት ላይ አልያዘም፤ ገደል ገብቷል። ኦፕሬተሩም አብሮ። ተቀበዪ።”

“ተቀብያለሁ” አልኩ።

እዚያው በተወለደበት ደብር ቀበሩት። እኔ የደረስኩት ከተቀበረ በኋላ ነው።

በጳጉሜ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው “ፍሬኑ ለምን አልያዘም?” ብሎ ጠየቀ። የጋራዡ ኃላፊ ተነሥቶ “ከዚህ ሲወጣ ሙሉ ጤነኛ ነበር” አለ። ከሳቁት መካኒኮች አንዱም ቀና አላለም።

እጄን አወጣሁ።

“ሸራው ውጭ የቆመው ግሬደር ላይ ነው። ወጥቶ ማየት ይቻላል።”

ግሬደሩ በአዳራሹ መስኮት ይታይ ነበር። ከመቀመጫው የተነሣ ሰው የለም።

“ጓድ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው” አለ ሰብሳቢው። “ነገር ግን የሕዝብ ንብረት ወድሟል።”

ቀጥሎ ሂስና ግለ ሂስ ሆነ። አንዱ ሥራ በማርፈዱ ራሱን ወቀሰ። የጋራዡ ኃላፊም ለሟቹ ጓድ በቂ ንቃት ባለመስጠቱ ራሱን ወቀሰና ተጨበጨበለት። ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ቸልተኝነት ነው ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ አለቃችን ኮሚቴውን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ጋበዘ።

የበዓሉ ዋዜማ የቀረው ግሬደር ታቦር ድረስ መጥቶ የሰፈራችንን መንገድ ሲደለድል ዋለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። የጎረቤቴ ፍየል ገመዷን በጥሳ ከፊቱ ዘው አለች። ጎረቤቴ ጮኸች። ግሬደሩ ባለበት ቀጥ አለ።

“ተመስገን!” አለች ፍየሏን እየጎተተች። “ፍሬኑ እንዴት ጥሩ ነው በእናትሽ!”

“አዲስ ሸራ ነው” አልኳትና ወደ ቤት ገባሁ።