ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው የእንግሊዝ ሳንቲም

በዚያ እሑድ ከሮም ወጣ ባለ የታረሰ ማሳ ላይ የአባቴ ወንድም የሆኑት አጎቴ፣ ሚስታቸው፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ የያዘው ጣሊያናዊ ጎረቤታችንና እኔ ነበርን። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ አባቴ አዲስ አበባ ከታሰረ ወራት አልፈዋል።

መሣሪያው ጮኸ፤ ጎረቤታችን ቆፍሮ ቀጭን የብር ሳንቲም አወጣ። ጽሑፏን አንብቤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በነገሠች የእንግሊዝ ንግሥት ዘመን የተሠራች መሆኗን ነገርኳቸው። አጎቴ ተቀብለው ማሳው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አኖሯት። ልማዳቸው ነበር፤ ሮም ከተማ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ የሚባለው አደባባይ አካባቢ የወደቀ ጓንት ወይም ቁልፍ ሲያገኙ፣ “የጣለው ሰው ይመለስ ይሆናል” ብለው ከሚታይ ቦታ ያስቀምጡታል።

“አሎራ፣ ታዲያ እስኪመጣ እንጠብቀው?” አለ ጎረቤታችን።

“እንግዲህ ማደራችን ነው!” ብለው የአጎቴ ሚስት ሳቁ።

አጎቴ አልሳቁም። “ምስኪን፣ አገሩ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “ለአባትህ ስንቅ የሚያደርስለት የለም። ትኬት ቆርጫለሁ።”

“እርስዎንም ያስሩዎታል፣ ጋሼ!”

“እስኪያስሩኝ ይበላል።”

ሚስታቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልጻፍኩም። አሁንም መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ሳይ እረበሻለሁ፤ አልፌው መሄድም፣ ማንሳትም ያቅተኛል።

አባቴ ከተፈታ በኋላ እንደነገረኝ፣ ስንቁ በየጠዋቱ ይደርሰው ነበር። አንድ ጠዋት ቀረ። ከሁለቱ ወንድማማቾች የተረፈው አንድ ነው።