መጀመሪያ ማን ይናገር?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤተልሔም ምሳ ልትበላ ከላይኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር ከሴቻ ወደ እኔ ወረደች። ማስተማር የጀመረችው ዘንድሮ ነው። የቀረበላትን የአሣ ጥብስ እሾሁን እየለቀመች ዳር ታደርጋለች እንጂ አትበላም። እንደ እኔ ዕድሜውን በሲቀላ ገበያ ሲነግድ የፈጀ ሰው፣ ፊቱ የቆመው ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ሲሆን አይጠፋውም።

«ምን ሆነሻል?»

«ልጆቹ አይናገሩም፣ አባዬ። እጠይቃለሁ፣ ዝም። እቀልዳለሁ፣ ዝም። ቪዲዮ አመጣሁላቸው፤ አፋቸውን ከፍተው አዩ፣ ሲያልቅ መልሰው ዘጉት።»

ሳቅሁ። ተቀየመች። በእሷ አልነበረም የሳቅሁት፤ እኔም ከዚያ ዓይነቱ ወንበር ላይ አፌን ዘግቼ ተቀምጬ ስለማውቅ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን የተማርኩት ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ነው። ክፍላችን ቆርቆሮ ክዳን ስለነበረው መጋቢት ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ከዓባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲመጣ የጭቃና የአሣ ሽታ ይዞ ይገባል፤ እኛ ግን ነፋስ በመሆኑ ብቻ እናመሰግነዋለን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ የመምህሩ ማብራሪያ በአማርኛ፣ የእኛ ሐሳብ ደግሞ በጋሞኛ ነበር። ሦስቱ መንገድ ላይ እስኪገናኙ ደወሉ ይደወላል።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ደረጀ የሚባል፣ ከሰሜን የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። በዚያ ሙቀት ከረባት ያስራል። ጥሩ ሰው ነበር፤ አይመታም፣ አይሳደብም። ግን ጥያቄ ጠይቆ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ፣ ከውጭ የማንጎው ዛፍ ላይ ያሉት ወፎች ካልሆኑ በቀር የሚመልስለት የለም። አንድ ቀን ለመለሰ ሰው ከረሜላ እሰጣለሁ አለ። ማንም አልመለሰም። አዝኖ ለሁላችንም አደለን። ከረሜላውን በላን፣ ዝም አልን።

እኔ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዤ አስፋልቱ ዳር እቆም ነበር። መኪና ሲቆም ሮጬ በጋሞኛ እጣራለሁ፤ በወላይትኛ እምላለሁ፤ በአማርኛ እከራከራለሁ። አንድ ቅዳሜ ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመና በመስኮቱ ሙዜን አስገብቼ «ማር ነው! ካልጣፈጠዎት ልጣጩን ይመልሱልኝ!» ስል፣ ከውስጥ የወጣው የመምህር ደረጀ ጭንቅላት ሆነ።

«አንተ! አፍ አለህ እንዴ?»

«አለኝ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ክፍል ስትገባ የት ነው የምታስቀምጠው?»

ወረደ። ሙዝ ገዛና ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱን ልጦ ሳይበላው ብዙ ቆየ።

«ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብተው ያዩኛል» አለኝ። «የሙከራ ጊዜዬ እያለቀ ነው። እንደለመዳችሁት ከዘጋችሁኝ ለመምህርነት አይሆንም ብለው ይጽፋሉ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ነው። ምን አድርጌያችሁ ነው?»

«ምንም አላደረጉም። ጋሽ ኢያሱ ሳይናገር እንዴት እንናገራለን?»

«ጋሽ ኢያሱ ማነው?»

«ከኋላ የሚቀመጠው። ጢም ያለው።»

«እሱ ተማሪ አይደለም እንዴ?»

«ተማሪ ነው። ግን ታላቅ ነው።»

በእኛ አገር ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ቦታ አለ። ሰው ለጉዳይ ሲሰበሰብ ታላቅየው መርቆ ይከፍታል፤ ከዚያ ንግግሩ በተራ ወደ ታናሹ ይወርዳል። ታላቁን ቀድሞ አፉን የከፈተ ልጅ አባቱን አሰደበ ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ አድርጉ ያለን አልነበረም፤ አታድርጉ ያለንም የለም። ኢያሱ ደግሞ ሚስት ያለው፣ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ገበሬ ነው። በልጆች ፊት እንዳይሳሳት ይፈራል። እሱ ይፈራል፣ እኛ እንጠብቃለን፣ መምህር ደረጀ ከረሜላ ይገዛል።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ሙዙን በሁለት ጉርሻ ጨረሰና የኢያሱን ማሳ አሳየኝ አለ። ኢያሱን ቦይ ሲጠርግ አገኘነው።

«ኢያሱ፣ ከአንተ መልስ አልፈልግም» አለው። «ክፈትልኝ ብቻ። እንደ ዱቡሻው።»

ኢያሱ ጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «ይኼማ ቀላል ነው፣ ቲቸር» አለ።

ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ርዕሰ መምህሩ የጫማቸውን ጭቃ ደጁ ላይ ፍቀው ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ዞር ብለን ብናይ የኢያሱ ቦታ ባዶ ነው። ለካ ሚስቱ ምጥ ይዟት አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወስዷት ኖሯል።

መምህር ደረጀ ምን ያድርግ፣ ጀመረ። «ያለፈን ነገር፣ እኛ ያላየነውን፣ በምን እናውቃለን?»

ዝም።

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። የመምህሩ ከረባት በላብ አንገቱ ላይ ተጣብቋል። እኔን አየኝ። እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ቲቸር፣ ጋሽ ኢያሱ ስለሌለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ታላቅ እኔ ነኝ።»

ማርቆስ የሚባለው ጓደኛዬ ከወንበሩ ዘለለ። «አንተ? ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን የወሰደ ጊዜ እኔ በእግሬ እሄድ ነበር! አንተ የት ነበርክ?»

«በምን ታውቃለህ? ድልድዩን አስታውሳለሁ ነው የምትለው?»

«አባቴ ነግሮኛል!»

«ያንተ አባት ስንት ነገር ይናገራል!»

ክፍሉ ተነሣ። አንዱ እንሰት በበሽታ በጠወለገበት ዓመት ነው የተወለድኩት ይላል፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲመረግ ጭቃ አቀብያለሁ ይላል። በዚህ መሐል ከመስኮቱ ጥግ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማናት ምሕረት ተነሣች። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ወንዶቹ ዕድሜ ስንቆጥር ሴት ትቆጠራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«እሱን ያዘልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። «እናቱ ገበያ ስትሄድ። አንድ ቀን ጥዬዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። እዩት።»

የሳቁ ድምፅ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። መምህር ደረጀ ግን አልሳቀም፤ ጠመኔውን ይዞ እየሮጠ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። የማርቆስ አባት የነገረው፦ የቃል ምንጭ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፦ የሚታይ ምንጭ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ፀጉሬን ገለጥ አደረገ።

«ጠባሳው አለ። ግን ከመውደቅ መምጣቱን በምን እናውቃለን?»

«እናቱ አለች፣ ትጠየቅ» አለች ምሕረት።

ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ ከኋላ ተነሥተው ግንባሬን ሊያዩ መጡ። እኔ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ።

«እንግዲህ ታላቃችሁ ምሕረት ናት» አለ መምህሩ። «ክፈቺልን።»

ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። «ሰላም ያድርገን» አለች። «ፈቅጃለሁ፣ ተናገሩ።»

ተናገርን። ደወሉ ተደውሎም የሚወጣ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆም ብለው «ደረጀ፣ ትቀጥላለህ፤ ከእንግዲህ የሚያስቸግርህ ዝም ማሰኘቱ ነው» ሲሉት ሁላችንም ሰማን። ያን ቀን ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው፤ አስሮት ያየሁትም ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ኢያሱ የወንድ ልጅ አባት ሆኖ ተመለሰ። የመክፈቱ ተራ ወደ ምሕረት መዞሩን ስንነግረው ይቀየማል ብለን ፈርተን ነበር። «እፎይ!» አለ። «አሁን እኔም እንደ ሰው ልሳሳት።» በዚያው ሳምንት እጁን አወጣ፤ ተሳሳተም። ማንም አልሞተም።

ይህን ሁሉ ለቤተልሔም ነገርኳት። አሣው ቀዝቅዟል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለች። «የዛሬ ልጆች ታላቅ ታናሽ አያውቁም። ዕድሜያቸውን ልጠይቅ?»

«ዕድሜውን ተይው። ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቁ ፈልጊ።»

የአሣውን ሳህን ገፋ አደረገች። «እኔ ጠይቄ እነሱ እስኪመልሱ አልጠብቅም፤ ዝምታው ያስፈራኛል፣ ራሴው እመልሰዋለሁ። ምናልባት እኔ እስክጨርስ ይሆናላ የሚጠብቁት።»

የምጨምረው ምክር ነበረኝ፤ ነጋዴ ምን ጊዜም የሚጨምረው አያጣም። ዋጥ አደረግሁት። ልጄ ዝም ብላ ታስብ ነበርና እኔም አብሬያት ዝም አልኩ።