ሐሙስ ሐሙስ የሚፈጥን ኢንተርኔት

ልጅ እያለሁ ውሸታም ተብዬ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በኢንተርኔት ምክንያት። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ መስመሩ ሲንቀራፈፍበት ሞደሙን በመዳፉ ሲመታ አየሁትና ነገሩ ሁሉ ትዝ አለኝ።

ቤታችን ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነበር። አባቴ ጨርቅ ይነግዳል። የሚያዘውን ጨርቅ በፎቶ እያየ ለመምረጥ ሲል ከሰፈሩ ሰው ቀድሞ በስልኩ ገመድ ኢንተርኔት አስገባ። ለእኔ ግን ኢንተርኔት ማለት ሙባረክ ነበር። ሙባረክ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እኩያዬ። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ትሪ እየበላን ነው ያደግነው። ስድስተኛ ክፍል ስንገባ እናቱ ጅዳ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በኮምፒውተር የማኪና እሽቅድምድም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ፣ አዲስ አቡጀዲ በሚሸተው የአባቴ ዕቃ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን በአንድ መንገድ ላይ እንነዳለን።

ችግሩ መስመሩ ነበር። በስክሪኑ ጥግ ፒንግ የሚሉት ቁጥር ይታያል፤ እኔ የማዘው ነገር ሄዶ እስኪመለስ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚናገር ነው። ቁጥሩ ሁለት መቶ አካባቢ ሲሆን ማኪናዬ እንዳዘዝኳት ትሄዳለች። ሁለት ሺህ ሲገባ ግን መሪውን ዛሬ አዙሬ ማኪናዋ ነገ የምትታጠፍ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጭራሽ ይቋረጣል። ክፋቱ ደግሞ የሚቋረጠው ትንሽ ከተጫወትን በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሙባረክ እየመራ ሳለ ነው።

አንድ ዓርብ ጨዋታው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ስትሸነፊ ገመዱን ትነቅያለሽ።»

«ወላሂ አልነቀልኩም» ብዬ መለስኩለት።

«በወላሂ አትቀልጂ። ዘይኑ፣ እዚህም የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ሁለት ሳምንት እታገሥሻለሁ። ያን ዓርብ ደግሞ ከቆመ፣ እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ።»

ያስፈራኝ ጨዋታው መቅረቱ አልነበረም። ከጨዋታው ሌላ የምንገናኝበት ነገር አልነበረንም፤ ስልክ ሲደወል የሚያወሩት እናቶቻችን ናቸው፣ ለእኛ የሚደርሰን ሰላምታ ብቻ ነው። ጨዋታው ከቀረ ሙባረክም ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ውሸታም ብሎኝ ነው።

በዚያ ሰሞን የሰፈራችን መንገድ ለኮብልስቶን ተቆፍሮ ነበርና ሁሉም ሰው ጥፋቱን በቁፋሮው አሳበበ። አቧራው በመስኮት እየገባ ዕቃውን ሁሉ ያለብሰዋል። እናቴ ቴሌቪዥኑንም ራዲዮኑንም ስልኩንም ዳንቴል የምታለብስ ሰው ናት፤ በጊዜው ዕቃው ሳይሸፈን የሚታይ ቤት ባለቤት የሌለው ይመስል ነበር። ሞደሙም እንደ ወንድሞቹ ዳንቴል ለብሷል፤ አቧራው ሲብስ ደግሞ ከዳንቴሉ ሥር ላስቲክ ተጨመረለት።

አባቴ የስልክ ሠራተኛ ጠራልኝ። ጋሽ ደሴ የትክል ድንጋይ ከተማ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይቸኩል። እናቴ እንግዳ ገባ ብላ ጠረጴዛውን አጸዳዳች፣ በሞደሙ ላይ ያለውን ሁሉ አነሳች፣ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ደሴ ሻዩን ጠጥቶ፣ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ወርዶ ተመለሰና ኮምፒውተሩን ነካካ።

«ምነው ልጄ፣ ይኸ እኮ ሸጋ ነው» አለኝ። «የእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ አይሮጥም።»

እሱ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መስመሩ ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ተጠራ፤ እንደገና ሻይ ቀረበለት፤ እንደገና መስመሩ እንደ ፈረስ ጋለበ። አባቴ አፈረ። «አንቺ፣ ሰውየውን ለጨዋታሽ ብለሽ ነው የምታመላልሺው?» አለኝ። ጅዳም ጎንደርም የሚያምነኝ ጠፋ። ዕንባዬ መጣ።

ጋሽ ደሴ መሰላሉን ሊያነሳ ሲል አየኝና ቆም አለ። «እኔ እንኳ ሐሰት ነው አላልኩም» አለ። «ግን ‹ተበላሸ› ብቻ የሚለኝ ሰው አይጠቅመኝም። ስንት ሰዓት ላይ ተበላሸ? ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ያየሽውን ጻፊ። የጠረጠርሽውን ተዪው።»

በማግስቱ ጀመርኩ። ደብተር አሰመርኩና ሰዓቱን፣ የፒንጉን ቁጥር፣ ቤት ውስጥ የሚደረገውን መጻፍ ያዝኩ። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ምክሩ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ከቤታችን መስመር ጋር የተያያዘውን የአባቴን ሱቅ ስልክ ነው። አንድ ቀን ቁጥሩ ሲያሻቅብ፣ ሄጄ ሳላይ፣ «አባዬ ስልክ አነሳ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ ሱቅ ሄድኩ፤ አባቴ ዘግቶ ለሶላት ወጥቷል። ተመልሼ የጻፍኩትን ሰረዝኩት። ጋዜጠኛ ሆኜም ዛሬ ድረስ አንድ ዜና ሳላረጋግጥ ለመጻፍ እጄ ሲፈጥን ያ ስርዝ ይታየኛል።

ዓርብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩ። ጠዋት ደህና፤ ከቀትር በኋላ መጥፎ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደህና፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጥፎ። ባለፈው ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደህና። ዛሬም ሐሙስ ነው፤ ደህና። ከሐሙሶቹ ጎን የጻፍኩት አንድ ዓይነት ነበር፦ «እማዬ ዳንቴል አጠበች።» ለዓርብ ቤቱ ንጹሕ እንዲሆን የዳንቴሉ እጥበት ሐሙስ ነው፤ እስኪመሽ ከላስቲኩ ጋር ገመድ ላይ ይሰጣል። ጋሽ ደሴ የመጣባቸውን ሁለት ቀናትም አስታወስኩ። ለእሱ ሲባል ያልተነሳ ነገር አልነበረም።

ሲመሽ እናቴ ሞደሙን መልሳ አለበሰችው። አንድ ሰዓት ጠብቄ እጄን ከላስቲኩ ሥር ሰደድኩ። እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል።

ለእናቴ መንገር ቀላል አልነበረም። ያን ዳንቴል የሠራችው የሙባረክ እናት ናት፤ ጅዳ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻ ሥራዋ ነው። «የእህቴን እጅ አውልቂ ነው የምትይኝ?» አለች። ምንም አልተከራከርኩም፤ ደብተሩን ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች መስመር በመስመር አነበበችው። ከዚያ መዳፏን ሞደሙ ላይ አሳረፈች፣ የልጅ ግንባር እንደምትነካ።

«ይኸማ ትኩሳት ይዞታል» አለች። ዳንቴሉን አነሳች፣ ላስቲኩን አነሳች፣ ሁለቱንም አጠፈች። «እንግዲህ ራቁቱን ካልሆነ አልሠራም ካለ ምን ይደረጋል። እንግዳ ሲመጣ ግን አንቺ ነሽ የምታስረጂው።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ዙር ተጫወትን። የመጀመሪያውን አሸነፈኝ። ሁለተኛውን እኔ አሸነፍኩ። በሦስተኛው ከኋላው ተለጥፌ እየነዳሁ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ጥግ ያለውን ቁጥር ያያል፤ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ። ማኪናዬ ሳትቆም፣ ሳትንተባተብ፣ ከእሱ ኋላ የመጨረሻውን መስመር አለፈች። ስሸነፍ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ቆየት ብሎ መጣ፦ «አልነቀልሽም ለካ። ግን መንዳት አትችዪም።»

አሁን ኢንተርኔት በየኪሱ አለ፤ ፍጥነቱን ያኔ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። የሰው ትዕግሥት ግን የቀነሰ ይመስለኛል፤ መልስ በአምስት ደቂቃ ከዘገየ «ሆን ብለሽ ነው» ይባላል። በሥራዬ ብዙ ጊዜ አትታመኚም ተብያለሁ፤ ማስረጃዬን አቅርቤ ዝም ማለትን የተማርኩት ግን ከጋሽ ደሴ ነው፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። እናቴንም እንዲሁ፤ የምትወደውን ነገር በልጅ ጽሑፍ አምና አንስታለችና።

ሙባረክ እስከ ዛሬ ጅዳ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ለዘገባ ገጠር ስወጣ ከዳባት፣ ከደባርቅ እደውልለታለሁ። ተራራው ሲጋርደኝ ድምፄ መሀል ላይ ይቆረጣል። መልሶ ሲገናኝ «ምን ሆነሽ ነው?» አይለኝም። ስልኩን ሳይዘጋ ይጠብቀኛል፤ ካቆምኩበት ቃል እቀጥላለሁ።