የቀረ አለ?

ልጄ ሶስና በነሐሴ ሞተች።

ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ በሲኤምሲ ግቢያችን፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ አያቴ አትክልቱን ለብርድ ያዘጋጁ ነበር። መስኩን ለመጨረሻ ጊዜ ያጭዱና ሳሩን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ ወዲያ ሥሩን ብርድ እንዳያገኘው ብለው ማጭድ አያስነኩትም። የታመመውን የቲማቲም ግንድ ነቅለው በግማሽ በርሜል ያቃጥላሉ። በደረቀው ሳር የቃሪያውንና የጽጌረዳውን ሥር ይሸፍናሉ፤ ለጋውን ደግሞ እስከ አናቱ። ይህን ሥራ «ማልበስ» ይሉት ነበር።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። አያቴ ኩራዙን በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ የበርሜሉ ፍም እየቀላ፣ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ የውርጭን ተረት ይጀምሩልኛል። ውርጭ ነጭ ነጠላ የለበሰች አሮጊት ናት፤ በየአጥሩ እየዞረች «የቀረ አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ያልለበሰ ካገኘች ይዛው ትሄዳለች። መላሹ እኔ ነበርኩ።

«የቀረ የለም!»

«ጆሮዋ አይሰማም፣ ድገምላት» ይሉኛል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪጮህ እደግምላታለሁ።

አምና ተረቱን ለሶስና ነገርኳት። «የቀረ አለ?» ስላት «አለ! እኔ! ካልሲ የለኝም!» ብላ እግሯን ሰቀለችልኝ። ካልሲ አደረግሁላት።

ሐኪሙ ልቧ ነው፣ ስትወለድም የነበረ ነው ብሎናል። ለቅሶ ላይ ግን የእናቴ ዘመድ እትዬ አስካለ፣ ባለቤቴ ሜሮን እየሰማች፣ «ብርድ መቷት ነው። ምነው ደህና አድርጋችሁ ብታለብሷት?» አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። እኔ ራሴ እስከ በር ሸኘኋቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴንም ተቀይሜያቸዋለሁ። ሞተዋል፣ መልስ አይሰጡኝም። ተረታቸው የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተወሰደ ሁሉ ያላለበሱት ነው። ልጅን ይህን አስተምሮ ማስተኛት ምን የሚሉት ነገር ነው?

መስከረም ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ ሳሩን አጭጄ አሰጣሁት። ሲደርቅ ግን ወደ ቃሪያው አልወሰድኩትም፤ በርሜሉ ውስጥ ማቃጠል ጀመርኩ። ሜሮን ወጣች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ዘንድሮ የሚለብስ የለም። ትውሰደው።»

«ቃሪያው ምን አደረገህ?»

«ያ ተረት እኛን ነው የሚሰድበው።»

«ተረቱ ስለ ጎመንና ስለ ቃሪያ ነው፣ አንተ ሰውዬ። እትዬ አስካለን መስደብ ካማረህ ስልካቸው እኔ ጋ አለ።»

አልሳቅኩም፤ እሷም አልሳቀችም። ሳሩን ከእጄ ነጥቃ ቃሪያው አጠገብ ተንበረከከች። ትንሽ ቆሜ አየኋትና እኔም ተንበረከክሁ። እስኪመሽ አለበስን። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም፤ ዛሬም አልበረደም። ከአያቴ ተረት የቀረኝ የአሮጊቷ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱን ከእንግዲህ ለማንም ልጅ አላስተምርም።

ሲጨልም ሜሮን ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ለምዶባት፣ «የቀረ አለ?» አለች።

ከአፏ ሲወጣ ሁለታችንም ደነገጥን።

በረንዳው ጥግ፣ ሶስና በባዶ የቀለም ቆርቆሮ የዘራችው ሎሚ ቆሟል። ጣት አያክልም።

«አለ» አልኳት።

ሳሩ አልቋል፤ ግማሹን እኔው አቃጥዬዋለሁ። ሹራቤን አውልቄ አለበስኩት።