ዝናብ ሲመጣ የሚጮህ ነገር

እህቴ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ ቡና ታደርቃለች። ባለፈው ምርት ጸሎት ቤት ሄዳ ሳለ ዝናብ ደርሶ የማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና፣ አራሰው። ሻገተ፤ ነጋዴው አሽትቶ ብቻ ትቶት ሄደ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ማድረቁን ትታ እሸቱን በረከሰ ዋጋ ልትሸጥ ነው። ስለዚህ ጅማ ድረስ መጥታ፣ «ዝናብ ሲመጣ የሚጮህ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ» አለችን። መግዛት አላለችም።

«ማይክሮኮንትሮለር ያስፈልግሻል» አለ መሐንዲሱ የአጎታችን ልጅ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ መቼ ውሃ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚሽከረከር የሚወስነውን ዓይነት ትንሽ ኮምፒውተር ማለቱ ነው። ምክሩ ቀጠለ፦ አስቀድሞ የኤሌክትሮኒክስ ቲዎሪ፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከዚያ ካሜራም ኢንተርኔትም የሚችል ትልቅ ቦርድ።

«እኔ እንዲጮህ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ታድጊበታለሽ፣ እትዬ!»

እህቴ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። እኛ አገር ለልጅ ጫማ የሚገዛው ሁለት ቁጥር ተጨምሮ ነው፤ ያድግበታል ተብሎ። ልጁ እስኪያድግ ይደናቀፍበታል፤ እግሩ ሲደርስ ጫማው አልቋል። ትምህርታችንንም እንደዚሁ ነው የምንሰፋው።

ስለ ፕሮግራም የማውቀው ነገር የለም፤ አለማወቅ ደግሞ አስተያየት ከመስጠት አግዶኝ አያውቅም። እዚያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወሰድኳትና ባለሱቁን፣ «ሰው በብዛት የሚያቃጥለው የትኛውን ነው?» አልኩት።

«ወላሂ ይሄንን! ተማሪው ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምረው» ብሎ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቦርድ አወጣ።

ብዙ ሰው ያበላሸው ዕቃ ብዙ የሚጠየቅ ሰው አለው። ሽቦው ያለ ብየዳ ይሰካል፣ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማስተማሪያ ቪዲዮ በኦሮምኛም አለ። ውሃ ሲነካት የምታውቅ ትንሽ ሰሌዳና መጮኺያ ጨምረን ገዛን።

የቡ ስንደርስ ላፕቶፔ ቦርዷን አላያትም አለ። መብራቷ ይበራል፤ ፕሮግራም ግን አትቀበልም። የአጎታችን ልጅ በስልክ ሲሰማ ደስታውን አልደበቀም፦ «የሕፃን መጫወቻ ነው ብያችሁ ነበር!» እህቴ ቤት ያለውን ገመድ ሁሉ ትሰካለች፣ ትነቅላለች። ጥፋቱ የገመዱ ኖሯል፤ ከገበያ የለቀምናቸው ሁሉ ኃይል እንጂ መረጃ አያሳልፉም። ከስልኬ ጋር የመጣው ሲሰካ ቦርዷ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ እህቴ ቪዲዮውን እያቆመች፣ እየመለሰች ተማረች። የመጀመሪያው ሥራዋ ዶሮ በረጠበ እግሯ ስትረግጠው ጮኸ፤ እሱንም አስተካከለችው።

ምርቱ ሲደርስ የአጎታችን ልጅም የቡ መጥቶ ሁላችንም ምሳ ላይ ሳለን ጓሮ ውስጥ ያ ነገር አምባረቀ። እህቴ ጉርሻዋን ጥላ ተነሳች።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሸራውን ያዙ!»

የአጎታችን ልጅ በተወለወለ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቆሞ አንዱን ጫፍ ያዘ። «ለስልክ መልእክት ቢልክ ኖሮ እኮ...»

«እጅህን ዝቅ አድርግ፣ አንተ! ውሃ እያስገባህ ነው!»

ዝናቡ ሸራውን ይደበድበው ጀመር። እሷ እጇን እስከ ክርኗ ከሥሩ አስገብታ አንድ እፍኝ ጀንፈል አወጣችና ጆሮዬ ሥር ነቀነቀችው። ደረቅ ነበር፤ ተንኳኳ።